የዘይት ጠብታ ከወዴት ይመጣል?
ስለ አሮጌ ቮልስዋገን መኪና አያያዝ የተዘጋጀ ትምህርት

በከተሞቻችን ጎዳናዎች ላይ፣ ይልቁንም በአዲስ አበባ፣ ዕድሜያቸው ከነጂዎቻቸው ዕድሜ የሚበልጥ የቮልስዋገን መኪናዎች እስከ ዛሬ ድረስ ሲመላለሱ ይታያሉ። ሕዝቡ በአጭሩ «ቮልስ» የሚላት ይህች ጀርባዋ ክብ የሆነ ትንሽ መኪና የመጨረሻዋ ከፋብሪካ የወጣችው በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ እ. ኤ. አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የተሠሩት በጠቅላላው 21,529,464 ነበሩ። እንግዲህ ዛሬ በየመንገዱ የሚነዱት ሁሉ ያረጁ ናቸው። ያረጀ ሞተር ደግሞ ጥቂት ዘይት ማንጠባጠቡ አይቀርም፤ ሌሊት የቆመችበት ቦታ ጠዋት ሲታይ ጥቁር ነጠብጣብ የማይገኝበት ቮልስ እምብዛም የለም።

በዚህ ጠብታ ምክንያት ባለንብረቶች በሁለት ወገን ይሳሳታሉ። አንደኛው ወገን «ቮልስ ሁሉ ያንጠባጥባል» ብሎ ነገሩን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሁለተኛው ወገን ጠብታውን ባየ ጊዜ ይደነግጥና ወደ ጋራዥ ሄዶ «ሞተሩ ወርዶ መፈታት አለበት» የተባለውን ያለ ምርመራ ይቀበላል፤ በኋላ ሲታይ ግን ጉድለቱ በጥቂት ብር የሚገዛ አንድ ማሸጊያ ብቻ ሆኖ ይገኛል። የግል ገንዘብ ሲሆን ጉዳቱ የባለቤቱ ነው። የመሥሪያ ቤት መኪና በሆነ ጊዜ ግን ለጥገና የተመደበው ገንዘብ ያለ አግባብ ያልቃል፤ ሠራተኛውም መኪና አጥቶ ሥራው ይስተጓጎላል። ሁለቱንም ስሕተት የሚያስወግደው የጠብታውን ምንጭ ለይቶ ማወቅ ነው፤ ይህም ብዙ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ማንም ሰው በግቢው ውስጥ ሊያደርገው የሚችል ምርመራ ነው።

አስቀድሞ ግን የዚህች መኪና ሞተር ከሌሎቹ የሚለይበትን ነገር መረዳት ያስፈልጋል። ቮልስ የውኃ ራዲያተር የላትም። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት እየሆኑ በግራና በቀኝ የተጋደሙ ሲሆኑ፣ የሚቀዘቅዙት በቺንጊያ በሚዞር ማራገቢያ ነፋስና በዘይቱ ነው። ዘይቱ ብረቱን ከማለስለስ ሌላ ሙቀትን ተሸክሞ የማውጣት ሥራ አለበት። መጠኑ ደግሞ 2.5 ሊትር ብቻ ነው። አንድ ሊትር የጎደለበት ሞተር ከጠቅላላው ዘይት ከአምስት እጅ ሁለቱን አጥቷል ማለት ነው። ሜዳ ላይ በቀስታ ሲነዳ ይህ ጉድለት ላይታወቅ ይችላል፤ ነገር ግን ከዓባይ ሸለቆ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያወጣውን ረጅም ዳገት በቆላ ሙቀት ሲወጣ፣ ዘይቱ ያነሰው ሞተር ግሎ ሊነክስ ይችላል። የነከሰ ሞተር ዋጋና የአንድ ማሸጊያ ዋጋ አይወዳደርም።

ስለዚህ የምርመራው መጀመሪያ የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው። መኪናዪቱ በሜዳ ላይ ትቁም፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ፤ ከዚያም ዘንጉ ተጠርጎ እንደገና ገብቶ ይታይ። በዘንጉ ላይ ሁለት መስመሮች አሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ያህል ነው። ዘይቱ ከታችኛው መስመር በታች ሲሆን መኪናው መነዳት የለበትም፤ ከላይኛው መስመር በላይ መሙላትም እንዲሁ ክልክል ነው። ብዙ ሰው «ስለሚያፈስ ጨምረን እንሙላው» ብሎ ከልክ በላይ ያፈስበታል። ትርፉ ዘይት ግን በሞተሩ ውስጥ በሚሽከረከሩት ክፍሎች እየተመታ አረፋ ይሆናል፤ ግፊቱም ዘይቱን በየመጋጠሚያው ወደ ውጭ ይገፋዋል። በዚህ ሁኔታ መድኃኒት ተብሎ የፈሰሰው ዘይት ራሱ አዲስ ሕመም ያመጣል። አንዳንዱ መኪና ማንጠባጠቡን የሚያቆመው ምንም ሳይጠገን ትርፉ ዘይት ስለ ተቀነሰለት ብቻ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የወረደው ፈሳሽ ምን እንደሆነ መለየት ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ንጹሕ ካርቶን ወይም ጋዜጣ ከመኪናዪቱ ሥር ይነጠፋል፤ የአራቱም ጎማዎች ቦታ በእርሳስ ይመለከትበታል። ጠዋት ጠብታው የቱ ጋር እንደ ወደቀ በግልጽ ይታያል። ከኋላ፣ ከሞተሩ ሥር የወደቀው ቀጭንና ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ትንሽ ወደ ፊት፣ ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ወይም ከካምቢዮው ሥር የወደቀው ወፍራምና ዲን ዲን የሚሸት ከሆነ የካምቢዮ ዘይት ነው። ከፊት በኩል የሚወርደው ግን ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ቮልስ ከፊት ኮፈኗ ሥር የቤንዚን ታንክ፣ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያና የመስተዋት ማጠቢያ ውኃ አንድ ላይ ይገኛሉ። ሦስቱም ፈዘዝ ያሉ ፈሳሾች ስለ ሆኑ በዐይን ብቻ አይለዩም። ውኃ ሽታ የለውም፣ በጣትም መካከል አያሙለጨልጭም። ቤንዚን በሽታው ወዲያው ይታወቃል፤ በእጅ ላይም በፍጥነት ተንኖ ይጠፋል። የፍሬን ዘይት ግን ያሙለጨልጫል፣ አይተንም፣ የነካውንም ቀለም ይልጣል። ውኃ ሆኖ የተገኘ እንደሆነ ነገሩ ከዚህ በታች በሚነገረው መንገድ በዝግታ ይታያል፤ ቤንዚን ወይም የፍሬን ዘይት ሆኖ የተገኘ እንደሆነ ግን መኪናዪቱ ሳትጠገን ከግቢ መውጣት የለባትም። ፈሳሹ በሚመረመርበት ጊዜ ክብሪት መጫርና ሲጋራ ማጨስ የማይገባ መሆኑን ማንም ያውቀዋል፤ ሆኖም የሚዘነጋው ብዙ ነው።

የኋላ ጎማዎችም ውስጠኛ ገጽ መታየት አለበት። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች የኋላ ጎማ ኩሽኔታ የሚለሰልሰው በካምቢዮው ዘይት ነው። የዘይት መከላከያው ቀለበት ያረጀ እንደሆነ ዘይቱ ወደ ፍሬኑ ሸራ ይገባል። የፍሬን ዘይትም ከዚያው አካባቢ ሊወርድ ይችላል። የትኛውም ይሁን፣ ጎማው ከውስጥ በኩል ረጥቦ ከተገኘ ፍሬኑ አይታመንም፤ ይህ ከጥቃቅን ጉድለቶች ቊጥር አይደለም።

የሞተር ዘይት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ምንጩ ይፈለጋል። በቆሸሸ ሞተር ላይ ምንጭ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ በዘይትና በአቧራ የተለበጠ ሞተር ሁሉም ቦታው የሚያፈስ ይመስላልና። ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በመፋቂያና በጨርቅ፣ ቢቻልም በማጽጃ ፈሳሽ በደንብ ይጠረግ። ካርቡራቶሩና ስፒንትሮጀኑ ውኃ እንዳይገባባቸው ይሸፈኑ። ከደረቀ በኋላ የተጠረጠሩት ቦታዎች የሕፃናት ፓውደር ይነስነስባቸው። መኪናዪቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ተነድታ ስትመለስ በነጩ ፓውደር ላይ ጥቁሩ የዘይት መንገድ ተስሎ ይገኛል። ሁልጊዜም መታየት ያለበት ከሁሉ በላይና ከሁሉ ወደ ፊት ያለው እርጥበት ነው። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ በሚነዳበት ጊዜም ከሥር የሚገባው ነፋስ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ካርቶኑ ላይ የወደቀው ጠብታ መጨረሻውን እንጂ መጀመሪያውን አያሳይም።

በብዛት የሚገኘው ምንጭ በግራና በቀኝ ያሉት የቫልቮላ ክዳኖች ናቸው። ከክዳኑ ሥር የቡሽ ጓርኒሲዮን አለ፤ ክዳኑን ይዞ የሚያጣብቀውም ጠንካራ የሽቦ ማያያዣ ነው። ቡሹ በሙቀት ብዛት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሽቦውን በካቻቢቴ ወደ ታች ገፍቶ ክዳኑን ማውረድ፣ አሮጌውን ቡሽ ፍቆ አዲሱን ማስቀመጥ የአንድ ሰዓት ሥራ አይሞላም። አንዳንድ ሰው አሮጌው ቡሽ ላይ ማጣበቂያ እየቀባ መልሶ ይገጥመዋል፤ ይህ ለጥቂት ቀን ብቻ ያገለግላል። ክዳኑ ራሱ ተጣምሞ ከሆነ ግን አዲስ ቡሽ ቢደረግለትም ማፍሰሱን አይተውም። ከዚህ ቦታ የሚወርደው ዘይት ትኩስ በሆነው የጭስ ቧንቧና በማሞቂያው ብረት ላይ ስለሚንጠባጠብ ይጤሳል። የመኪናዪቱ ማሞቂያ አየሩን የሚወስደው ከዚያው ዙሪያ ስለሆነ፣ በብርድ ጊዜ ማሞቂያውን የከፈተ ነጂ የተቃጠለ ዘይት ከሸተተው ጉድለቱ በዚህ ወገን መሆኑን መገመት ይችላል።

ከክዳኖቹ አጠገብ፣ ከሲሊንደሮቹ ሥር፣ በእያንዳንዱ ወገን አራት አራት፣ በድምሩ ስምንት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ ቫልቮላውን የሚገፉት ዘንጎች የሚያልፉት በእነርሱ ውስጥ ነው። ጫፎቻቸው በትንንሽ የላስቲክ ቀለበቶች የታሸጉ ስለሆኑ ዐሥራ ስድስት መጋጠሚያ ማለት ነው። ቀለበቶቹ ሲደርቁ ወይም ቱቦው በዝገት ሲበሳ ዘይት ይወርዳል። ከክዳኑ የሚወርደውን ዘይት ከቱቦው ከሚወርደው ለመለየት ክዳኑን በአዲስ ቡሽ አሽጎ እንደገና መመርመር ይበቃል። የቱቦው ቀለበት በደንብ የሚለወጠው ቴስታታው ወርዶ ነው። ስለዚህ ጠብታው ጥቂት ከሆነ የዘይቱን ልክ እየተቆጣጠሩ ለሌላ ሥራ ሞተሩ እስኪወርድ ድረስ መታገሥ ብልኅነት እንጂ ቸልተኝነት አይደለም።

ከሞተሩ ሆድ ሥር ክብ የብረት ሰሌዳ አለ፤ በስድስት ትንንሽ ዳዶዎች ተይዟል፤ ከበላዩም የዘይት ወንፊት ይገኛል። ቮልስ ሌላ የዘይት ፊልትሮ ስለሌላት፣ ዘይት በ5,000 ኪሎ ሜትር በሚለወጥበት ጊዜ ይህ ወንፊት ወጥቶ መታጠብ አለበት። ከታጠበ በኋላ ጓርኒሲዮኖቹና የመዳብ ቀለበቶቹ በአዲስ ይለወጣሉ። ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ጠጋኙ ጠብታውን ለማቆም ዳዶዎቹን በኀይል ያጠብቃቸዋል፣ ሰሌዳው ይጣመማል ወይም ከሞተሩ የወጣው ቀጭን ቡሎን ጥርሱ ይበላል። በጣም የጠበቀ መጋጠሚያ ከልቅ መጋጠሚያ ይልቅ የሚያፈስስበት ጊዜ አለ። ለእነዚህ ትንንሽ ዳዶዎች አጭር ቁልፍ ይዞ በእጅ አንጓ ኀይል ብቻ ማጥበቅ ይበቃል።

ከስፒንትሮጀኑ አጠገብ በግራ በኩል አንድ ገመድ የተያያዘበት ትንሽ የዘይት ግፊት መለኪያ አለ፤ በነጂው ፊት ያለውን የዘይት መብራት የሚያበራና የሚያጠፋ እርሱ ነው። አንዳንድ ጊዜ ከራሱ ከመካከሉ ያፈሳል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ መለወጡም ቀላል ነው። ነገር ግን ግፊት ካለበት ቦታ የሚወጣ ዘይት ስለሆነ፣ ዛሬ ጥቂት የሚያረጥብ ነገ ብዙ ሊያፈስ ይችላልና ቀጠሮ አይሰጠውም።

በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ የተደበቀው የዘይት ማቀዝቀዣ ደግሞ ከሞተሩ ጋር በሁለት የላስቲክ ማሸጊያዎች ይያያዛል። እነዚህ ያፈሰሱ እንደሆነ የሞተሩ ግራ ወገን ከላይ ጀምሮ ይረጥባል። የዚህ ክፋቱ በሚጠፋው ዘይት ብዛት አይደለም፤ የመንገድ አቧራ በእርጥቡ ላይ ተጣብቆ በሲሊንደሮቹ ክንፎች መካከል ጭቃ ይሆናል፣ ነፋስም አያልፍም። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች በግራ በኩል ወደ ፊት ያለው ሦስተኛው ሲሊንደር ማቀዝቀዣው ከበላዩ ስለ ተቀመጠ ከሌሎቹ ይልቅ የሚግለው እርሱ ነው፤ ጭቃ ሲጨመርበት ቫልቮላው ይቃጠላል። እንዲሁም ዘይት በቺንጊያው ላይ እንዳይረጭ መጠንቀቅ ያሻል። በዘይት የራሰ ቺንጊያ ይንሸራተታል፤ ቺንጊያው ሲንሸራተት ማራገቢያው ይደክማል፤ ሞተሩም ያለ ማቀዝቀዣ ይቀራል።

ከኋላ ባለው ፑሌጃ ዙሪያ የሚወጣ ዘይት የተለየ ነገር ይናገራል። በዚያ ቦታ የላስቲክ ማሸጊያ የለም፤ ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚመልሰው በፑሌጃው አንገት ላይ የተቀረጸ ጠመዝማዛ ጥርስ ነው። ስለዚህ ከዚያ ዘይት ሲወጣ የሚለወጥ ማሸጊያ መፈለግ ዋጋ የለውም፤ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ግፊት በዝቷል ማለት ነው። በመጀመሪያ የዘይቱ ልክ ይታይ። ቀጥሎ ከዘይት መሙያው ወደ አየር ማጣሪያው የሚሄደው የመተንፈሻ ቱቦ በአቧራና በዘይት ዝቃጭ አለመዘጋቱ ይመርመር። ሁለቱም ደኅና ሆነው ዘይቱ መውጣቱን ካልተወ፣ የፒስቶኖቹ ፋሻ አልቆ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ታች እያለፈ ነው፤ ሞተሩን የማደስ ነገር በእውነት የሚነሣው ይህን ጊዜ ነው።

ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ቦታ የሚወርደው የሞተር ዘይት ከሆነ ከቮላኖው በስተኋላ ያለው የመከላከያ ቀለበት አልቋል። ይህን ለመለወጥ ሞተሩ መውረድ ግድ ነው። ደግነቱ የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎኖች ብቻ ስለሆነ፣ ለለመደ መካኒክ ማውረዱ ከባድ አይደለም። ዘይቱ ፍሪሲዮኑን አርሶት ዳገት ላይ መንሸራተት ከጀመረ ጊዜ አይሰጥም፤ ካልጀመረ ግን ሊቆይ ይችላል።

በመንገድ ላይ ሳሉ የዘይት መብራት የበራ እንደሆነ ግን ምንም ዐይነት ምርምር ሳይደረግ ወዲያው ዳር ይዞ መቆምና ሞተሩን ማጥፋት ይገባል። «እስከሚቀጥለው ከተማ ትድረስ» ማለት ሞተሩን መግደል ነው። የዲናሞው መብራት ሲበራም እንዲሁ ነው፤ ቺንጊያው ተበጥሶ ማራገቢያው ቆሞ ሊሆን ይችላልና።

እንግዲህ ወደ መኪናዪቱ ፊት እንመለስ፤ በዚያም የሚያፈሰው ዘይት ሳይሆን አየርና ውኃ ነው። የቮልስ የመስተዋት ማጠቢያ ለማያውቀው ሰው የሚያስገርም አሠራር አለው። በብዙዎቹ ሞዴሎች ውኃውን የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፖምፓ የለም፤ የሚገፋው በስኮርታው ጎማ ውስጥ ያለው አየር ነው። ከስኮርታው መንፊያ የሚነሣ ቀጭን ቱቦ ወደ ውኃው ጠርሙስ ይሄዳል። አየሩ ውኃውን ይጫነዋል። ነጂው በዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቁልፍ፣ በኋለኞቹ ሞዴሎችም ከመሪው ሥር ያለውን ማንሻ፣ ሲነካ ውኃው መንገድ አግኝቶ ወደ መስተዋቱ ይረጫል። አየሩ ሁሉ እንዳያልቅ በቱቦው ላይ ከልካይ ቫልቭ ተደርጓል፤ ግፊቱ ወደ ተወሰነ ልክ ሲወርድ ይዘጋና ስኮርታው ለአገልግሎት የሚበቃ አየር ይተርፈዋል። ለዚህም ስኮርታው ከሌሎቹ ጎማዎች አስበልጦ እስከ 42 ፓውንድ፣ ማለትም 3 ባር ገደማ፣ መነፋት አለበት።

ከዚህ የተነሣ ማጠቢያው ውኃ አልረጭም ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ስኮርታው ነው። ጎማው በግፊት መለኪያ ይለካ። ከጎደለ ይነፋና ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ይለካ፤ ማጠቢያው ሳይነካ ግፊቱ ከወረደ አየሩ የሚወጣበት ቦታ አለ። የሳሙና አረፋ በጠርሙሱ ክዳን፣ በቱቦው መጋጠሚያዎችና በስኮርታው መንፊያ ላይ ሲቀባ፣ አረፋው የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳው ነው። አብዛኛውን ጊዜ በደለኛው የክዳኑ ላስቲክ ወይም በሙቀት ደርቆ ከጫፉ የተሰነጠቀው ቱቦ ነው። ቱቦው ርዝመት ካለው የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጦ መልሶ መሰካት ይቻላል። ክዳኑን የሚከፍት ሰው ግን አስቀድሞ ቱቦውን ከስኮርታው ይንቀል፣ ከዚያም በዝግታ ያላቅቅ፤ አለዚያ ውኃው በፊቱ ላይ ይረጭበታል።

እዚህ ላይ መታሰብ ያለበት ከባድ ነገር አለ። ከልካዩ ቫልቭ ያረጀ እንደሆነ በትክክለኛው ልክ አይዘጋም። ቀዳዳው ትንሽ ቢሆንም ስኮርታው ቀስ በቀስ ባዶ ይሆናል፤ ነጂውም ይህን የሚያውቀው ከከተማ ርቆ ሌላው ጎማ በተነፈሰ ጊዜ ነው። ወደ ገጠር የክትባት መድኃኒት ወይም የመንግሥት ገንዘብ ይዞ የወጣ ሠራተኛ በበረሃ መካከል ቆሞ የሚያድርበት ምክንያት አንዲት የተሰነጠቀች ቱቦ ልትሆን ትችላለች። ቫልቩ የማይታመን ከሆነ ለረጅም ጉዞ ቱቦውን ከስኮርታው ነቅሎ መንፊያውን በክዳኑ ዘግቶ መሄድ ይሻላል፤ መስተዋቱን ለማጠብ አንድ ጠርሙስ ውኃና ጨርቅ በመኪናው ውስጥ ይያዝ።

አየሩ ደኅና ሆኖ ውኃው ካልመጣ ጉድለቱ ከጠርሙሱ ወዲህ ነው። ከመርጫው ሥር ያለው ቱቦ ተነቅሎ ቁልፉ ይነካ። ከቱቦው ውኃ ከወጣ የተዘጋው መርጫው ነው፤ በቀጭን መርፌ ይጸዳል። ከቱቦው ውኃ ካልወጣ በቁልፉና በጠርሙሱ መካከል ያለው መንገድ ይታይ። ውኃው ከዳሽቦርዱ ሥር በነጂው እግር ላይ የሚንጠባጠብ እንደሆነ ቁልፉ ውስጡ አልቋል፤ በዚያ አካባቢ የኤሌክትሪክ ገመዶችና ፊውዞች ስላሉ ቱቦው ከስኮርታው ተነቅሎ ወዲያው መጠገን አለበት።

ለጠርሙሱ የሚሆነው የተጣራ ውኃ ነው። የልብስ ሳሙና ዱቄት የሚጨምሩ አሉ፤ ዱቄቱ ሳይሟሟ ይቀርና መርጫውን ይዘጋዋል። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉት ውርጭ በሚጥልባቸው አገሮች ጠዋት ማጠቢያው እንቢ ቢል ውኃው በቱቦው ውስጥ በርዶ ሊሆን ስለሚችል፣ ፀሐይ እስኪሞቅ ሳይጠብቁ መፈታታት አያስፈልግም። በበጋ ወራት ደግሞ አቧራ በተለበጠ መስተዋት ላይ መጥረጊያውን በደረቁ ማስኬድ መስተዋቱን ይጭረዋል፤ ጭረቱም ማታ ከፊት በሚመጣ መኪና መብራት ሲመታ የነጂውን ዐይን ያጨልማል። የጭነት መኪና ጭቃ በረጨ ጊዜም ነጂው ለጥቂት ሰከንድ ምንም ሳያይ ይሄዳል። የዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ከመድረሱ በፊት የዘይቱ መለኪያና የስኮርታው ግፊት በአንድ ጠዋት አብረው ቢታዩ፣ በአንድ ደብተርም ላይ የተጨመረው ዘይትና የተነዳው ኪሎ ሜትር እየተጻፈ ቢቀመጥ፣ ጠብታው እየባሰ መሄዱን ወይም ባለበት መቆሙን ከማንም አፍ ሳይሆን ከቊጥሩ ማንበብ ይቻላል።